ወንድሜ ተነሥቶ ወጣ

ጥያቄ፦ ከጦር ሜዳ ከተመለሰ ሁለት ዓመት የሆነው ወንድሜ ከእኛ ጋር ይኖራል። ባለፈው እሑድ የሮቤርቶ ቤኒኒን «ሕይወት ውብ ናት» የተሰኘ ፊልም አብረን ስናይ እኔ ስስቅ እርሱ ተነሥቶ ወጣ። ማታ «በሰው መከራ ይሳቃል ወይ?» አለኝ። የጦርነትን ሥቃይ በኮሜዲ ማሳየት ነውር አይደለም? (አንዲት አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ ነውር የሚሆንበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1940 በሂትለር ላይ የሚሳለቅ ፊልም የሠራው ቻርሊ ቻፕሊን፣ በ1964 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ የማጎሪያ ካምፖቹን ሰቆቃ ያኔ ቢያውቅ ኖሮ ፊልሙን ሊሠራው እንደማይችል ጽፏል። ይህን ቃሉን አከብራለሁ።

ቤኒኒ ግን በ1997 ፊልሙን ያወጣው እያወቀ ነው። አባቱ ሉዊጂ በጀርመኖች ካምፕ ሁለት ዓመት ያህል ታስረዋል፤ ያን ጊዜ ለልጆቻቸው ሲያወሩም በቀልድ ያዋዙት ነበር። አያቴም እንዲሁ ነበረች። ጣሊያን መንደራቸውን ያቃጠለ ዕለት፣ ሙሉ የቅቤ ቅል ጥላ አንዲት ክንፈ ሰባራ ዶሮ ታቅፋ መሮጧን ስትነግረን እንባችን እስኪፈስ እንስቅ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ጋ ስትደርስ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርግና ዝም ትላለች። እኛም ዝም።

እኔ እንዲህ ያለውን ፊልም የምመዝነው በዚያ ዝምታ ነው። በፊልሙ ውስጥ ከትንሽ ልጁ ጋር ማጎሪያ ካምፕ የገባው አባት የጀርመኑን ወታደር ትእዛዝ ለልጁ የጨዋታ ሕግ አድርጎ ይተረጉምለታል፦ ያለቀሰ፣ እናቴን ያለ፣ ራበኝ ያለ ነጥብ ያጣል፤ 1000 ነጥብ የሞላለት እውነተኛ ታንክ ይሸለማል። በመጨረሻ ሊገድሉት ሲወስዱት፣ ልጁ በተደበቀበት ሣጥን ፊት በወታደር አረማመድ እግሩን እያነሣ ያልፋል። ጥቂት ቆይቶ ተኩስ ይሰማል። እዚህ ላይ ቤኒኒ አንዲት ቀልድ አልጨመረም።

እኛን የሚነካም ትዕይንት አለ። ወደ ካምፕ ከመወሰዳቸው በፊት፣ በአንድ የፋሺስት ሹም የመተጫጫ ድግስ ላይ «የኢትዮጵያ ኬክ» ይገባል። ታሪኩ የሚጀምረው በ1939 ነው፤ የካቲት 12 ከሆነ ገና ሁለት ዓመቱ። እኔ እዚያ ላይ መሳቅ አልቻልሁም። ቤኒኒን ግን አልተቀየምሁትም፤ የሳቀው በበላተኞቹ ላይ ነው።

ወንድምዎን በዚህ ሁሉ አይከራከሩት። የቱ ትዕይንት ላይ እንደተነሣ ብቻ ይጠይቁት። ከነገረዎት ያዳምጡት፤ ካልነገረዎትም ቴሌቪዥኑን አጥፍተው አብረውት ይቀመጡ።