ቶንጋሪሮን በስኒከር?

«ኒውዚላንድ ልሄድ ነው። ቶንጋሪሮ የሚባለውን እሳተ ገሞራ ተራራ በእግር በአንድ ቀን ማቋረጥ ለጀማሪ ይከብዳል? ስኒከር ይበቃል?» ላልሽው እህቴ፣ መንገዱን ስለሄድኩበት ያየሁትን ልንገርሽ። ጀማሪ መሆንሽ ችግር የለውም። ስኒከሩን ግን እርሺው።

መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከማንጋቴፖፖ ተነስተሽ ኬቴታሂ በኩል ትወጫለሽ። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይፈጃል። መነሻውና መድረሻው ስለሚለያይ ሚኒባስ ቀድመሽ ያዢ።

ሰው ሁሉ የሚያስፈራራሽ «የሰይጣን ደረጃ» በሚሉት አቀበት ነው። ደረጃ ተሠርቶለታል፤ ቀስ ብለሽ ትወጪዋለሽ። ጉድ ያለው ቁልቁለቱ ላይ ነው። ሬድ ክሬተር (ቀዩ የእሳተ ገሞራ አፍ) ጫፍ፣ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስትደርሺ መንገዱ ወደ አረንጓዴዎቹ ሐይቆች ይወርዳል። የምትረግጪው አመድና ልቅ ጠጠር ነው። እግርሽን ባሳረፍሽ ቁጥር መሬቱ አብሮሽ ይሄዳል። ፈርተሽ ወደ ኋላ ከተጋደልሽ በቂጥሽ ነው የምትወርጂው። ጉልበትሽን ላላ አድርጊ፣ ተረከዝሽን ቅበሪ፣ አትቸኩዪ። ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ ያስፈልግሻል። በስኒከር የመጡት በየሜትሩ ቁጭ እያሉ ጠጠር ሲያራግፉ ነበር።

ከመውረድሽ በፊት ግን ቆም ብለሽ የሬድ ክሬተርን ግድግዳ እዪው። ቅላቱ ከብረት ዝገት ነው። መሃሉ ላይ ባዶ ስንጥቅ አለ፤ ቅልጥ አለት ወጥቶበት ኋላ መልሶ የፈሰሰበት ቦይ ነው። አካባቢው ይጨሳል፣ ድኝ ይሸታል፣ መሬቱን በእጅሽ ብትነኪው ይሞቃል። ሐይቆቹን አረንጓዴ ያደረጋቸውም ከዚሁ ትኩስ አለት ታጥቦ የሚወርደው ማዕድን ነው።

ውሃው ውስጥ እንዳትገቢ። ቦታው ለአገሩ ነባር ሕዝብ ለማኦሪዎች ቅዱስ ነው። በ1887 እ.ኤ.አ. ተራሮቹን ለሕዝብ የሰጠው የእነሱው አለቃ ቴ ሄውሄው ነው። ንጋውሩሆይ የሚባለው ሾጣጣ ተራራም አጠገብሽ ቆሞ ያጓጓሻል፤ እነሱ ጫፉ ላይ አትውጡብን ስለሚሉ ተይው።

እሳተ ገሞራው አሁንም ሕያው ነው። ነሐሴ 2012 እ.ኤ.አ. ቴ ማሪ በሚባለው አፉ በኩል ፈንድቶ የተወረወረ ድንጋይ የኬቴታሂን ጎጆ ጣሪያ በስቷል። ስለዚህ ጠዋት ማስጠንቀቂያውን እዪ፤ «እዚህ አትቁሙ» የሚል ምልክት ካለ ለሰልፊም ቢሆን አትቁሚ። ከሁሉም በላይ አስቸጋሪው ግን ንፋሱ ነው። ሾፌሩ «ዛሬ አይሆንም» ካለሽ አትከራከሪው። ለዚህ ብለሽ በፕሮግራምሽ ላይ አንድ ትርፍ ቀን ያዢ። ፀሐይ ቢሆንም ሞቅ ያለ ልብስና የዝናብ ጃኬት አይቅርብሽ። መንገድ ላይ የሚጠጣ ውሃ ስለሌለም ሙሉውን ተሸክመሽ ሂጂ።

ይህ ሁሉ በበጋቸው ከሄድሽ ነው። ክረምታቸው እኛ ዘንድ ግንቦትና ሰኔ ሲሆን ነው የሚገባው፤ ያኔ በረዶ ስለሚሆን ያለ አስጎብኚ አይሞከርም። በየትኛው ወር ነው የምትሄጂው?