በጭስ የበሰለ ሥጋ ለምን መረረ?

ጥያቄው ክዳን ባለው የከሰል ግሪል ለ5 ሰዓት በጭስ የበሰለው ሥጋ ለምን እንደመረረና ጥቀርሻ እንደለበሰ፣ ሙቀቱም ለምን አንዴ 90 አንዴ 180 ዲግሪ እንደሚል ነበር። ከሰሉን ለመቀየር አይቸኩሉ። መጀመሪያ ይህን ያስታውሱ፤ ሙቀቱ ሲያሻቅብ የላይኛውን የጭስ መውጫ ይዘጉት ነበር? ከሆነ ምሬቱ ከዚያ ነው የመጣው።

የላይኛው መውጫ ሥጋው እስኪወጣ ድረስ ክፍት ይሁን። ሙቀቱን የሚቆጣጠሩት ከታች ባለው የአየር ማስገቢያ ነው። መውጫው ሲዘጋ ጭሱ ውስጥ ይታፈንና በሥጋው ላይ ይጋገራል፤ እሳቱም አየር ስለሚያጥረው ከከሰሉ ላይ ለጭስ የሚደረገው እንጨት ሳይነድ ይጨሳል። እንዲህ ያለው ጭስ ወፍራምና ነጭ ነው፣ ዓይን ያቃጥላል። ጥሩው ጭስ ስስ ሆኖ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው፤ አንዳንዴ ጭራሽ አይታይም። ሽታው እስካለ ድረስ «ጭሱ ጠፋ» ብለው እንጨት አይጨምሩ።

አቀጣጠሉም ወሳኝ ነው። ከሰሉ በሙሉ በአንዴ ከተያያዘ በኋላ እሳቱን ለማፈን ይገደዳሉ። ያልተያያዘውን ከሰል በአንድ ወገን ይከምሩ፣ መሃሉን ጎድጎድ ያድርጉ፣ ከዚያ አመድ የለበሱ 10 ወይም 12 ፍሞች እዚያ ላይ ያስቀምጡ። እሳቱ ቀስ እያለ ወደ ቀሪው ይዛመታል። ሥጋው በሌላው ወገን ይሁን፤ ከሥሩ የስብ መቀበያ ትሪ ያድርጉ። ለማቀጣጠል ቤንዚን ፈጽሞ አይጠቀሙ፣ አደገኛ ነው።

እንጨቱ የደረቀ፣ ቀለም ወይም ኬሚካል ያልነካው፣ ሙጫ የሌለው ይሁን፤ ጥድና መሰሎቹ አይሆኑም። ጭብጥ የሚያክሉ ሦስት አራት ቁራጮች ይበቃሉ። ውኃ ውስጥ መዘፍዘፉ አይጠቅምም፤ እርጥበቱ ተኖ እስኪያልቅ ድረስ የእሳቱን ኃይል ይወስዳል።

አሁን ወደ ሙቀቱ መዋዠቅ። ከ110 እስከ 135 ዲግሪ ይበቃል። ሙቀቱ ገና 95 ሲደርስ የታችኛውን ማስገቢያ ወደ ሩብ ገደማ ይመልሱት፤ ካለፈ በኋላ ማውረድ ከባድ ነው። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ሳይነኩ 15 ደቂቃ ይጠብቁ። ክዳኑ ሲከፈት ሙቀቱ ይወጣና ቴርሞሜትሩ ይወርዳል፣ ፍሙ ግን አየር አግኝቶ ይበረታል። በዚያች ደቂቃ 90 አይተው ማስገቢያውን ከከፈቱ ብዙም ሳይቆይ 180 ይሆናል። ሌላው ነገር፣ የክዳኑ ቴርሞሜትር የሚለካው የላይኛውን አየር እንጂ ሥጋው ያለበትን ስላልሆነ ሌላ ቴርሞሜትር ከፍርግርጉ አጠገብ ያድርጉ።

የሥጋው ውስጥ ከ65 እስከ 75 ዲግሪ ላይ ለሰዓታት ቢቆም አይደንግጡ፤ ከላዩ የሚተነው እርጥበት እያቀዘቀዘው ነው። ከሰል ከመጨመር በፎይል መጠቅለል ይሻላል። ጠንካራ ሥጋ የሚለሰልሰው 93 አካባቢ ነው። ዶሮ ግን 74 ሳይደርስ አይበላም።

ጽዳት ላይ ብዙ ሰው ፍርግርጉን ብቻ ፈግፍጎ ይተወዋል፤ ዋናው ጠላት ግን አመድ ነው። እርጥበት ይስብና ብረቱን ይበላል፤ የታችኛውን ማስገቢያም ስለሚደፍን ቀዳዳውን በተለመደው ልክ ቢከፍቱም ሙቀቱ ሌላ ይሆናል። ፍም አመድ ውስጥ ረጅም ሰዓት ሊቆይ ስለሚችል ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ያውጡት። ከክዳኑ ውስጥ እንደ ቀለም የሚላጠው ጥቁር ቅርፊት የከረመ ስብና ጥቀርሻ ነው፤ ሥጋው ላይ እንዳይረግፍ በእንጨት መፋቂያ ያንሱት። ፍርግርጉን ትኩስ እያለ ይፈግፍጉና በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ከሽቦ ብሩሽ የተነቀለች ቀጭን ሽቦ ከምግብ ጋር ከተዋጠች ጉሮሮ ወይም አንጀት ትወጋለች። ከዚያ ስስ ዘይት ይቀቡት፤ ሲበዛ ይሙለጨለጫል።

ስብ ከነደደ ውኃ አያፍሱ፤ ክዳኑንና ቀዳዳዎቹን በሙሉ ይዝጉ። የላይኛው መውጫ የሚዘጋው በዚህ ጊዜና ምግቡ ከወጣ በኋላ ከሰሉን ሲያጠፉ ብቻ ነው። የጠፋ የመሰለውንም ከሰል ቤት ውስጥ ወይም ጋራዥ አያስገቡ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል።