አሚጋዬ በተነሳ ቁጥር የሌለኝን ዲስክ ይጠይቀኛል

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ! የምኖረው ጀርመን ነው። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አሚጋ 1200 የሚባለውን የድሮ ኮምፒውተር ከነሃርድ ዲስኩ ገዛሁ። ሳበራው ዎርክቤንች (ዋናው የመስሪያ ገጽ) ከመምጣቱ በፊት «ወርክ» የሚባል ዲስክ አስገባ ይለኛል፤ እኔ ደግሞ እንደዚያ የሚባል ዲስክ የለኝም። ካንስል ስለው ሁለት ሦስቴ ይጠይቀኝና ይከፍታል። ፎርማት አድርጌ እንደ አዲስ ልጫነው?

አንባቢ፣ ከጀርመን

መልስ፦ ወንድማችን፣ እባክህ ፎርማት እንዳታደርገው! ዎርክቤንች ከተከፈተልህ ማሽኑ ደህና ነው። የቀድሞ ባለቤቱ ያሰናዳው ነገር ደግሞ አንዴ ከጠፋ አይገኝም።

አሚጋ ሲነሳ «ኤስ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለውን ስታርታፕ ሲኩዌንስ ከላይ ወደ ታች እያነበበ ይፈጽማል፣ መጨረሻው አካባቢ ሲደርስ ደግሞ ዩዘር ስታርታፕ የሚባለውን ፋይል ይጠራል። ፕሮግራሞች ሲጫኑ መስመር የሚጨምሩት እዚህ ሁለተኛው ላይ ነው። ሰውየው ወርክ የሚባል ፓርቲሽን (የሃርድ ዲስክ ክፋይ) የነበረው ይመስላል። ፓርቲሽኑ ሄዷል፣ ወደ እሱ የሚልኩት የ«አሳይን» (ለፎልደር ስም የሚሰጠው ትዕዛዝ) መስመሮች ግን ቀርተዋል።

ሼል፣ ማለትም ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት፣ ክፈት። መጀመሪያ ዩዘር ስታርታፕን በሌላ ስም ኮፒ አድርግ፣ ይሄን እንዳትዘለው። ከዚያ «ኢዲ» በሚባለው ኤዲተር ክፈተውና ወርክ የሚል ቃል ያለበትን መስመር ሁሉ ፈልግ። አብዛኛውን ጊዜ ከላይ «ቢጊን»፣ ከታች «ኤንድ» ከፕሮግራሙ ስም ጋር ተጽፎ ስለምታገኝ የማን እንደሆነ ታውቃለህ። አታጥፋው፤ መስመሩ መጀመሪያ ላይ ሴሚኮሎን አድርግበት፣ አሚጋው ያልፈዋል። ኤስኬፕ፣ ኤክስ፣ ከዚያ ሪተርን ስትል ሴቭ አድርጎ ይወጣል። እዚያ ካላገኘኸው ብቻ ስታርታፕ ሲኩዌንስን እይ፤ እሱን በትንሽ በትልቁ መነካካት ጥሩ አይደለም።

ተሳስተህ ጭራሽ አልነሳ ቢልህም አትደንግጥ። ኮንትሮልን ከሁለቱ የአሚጋ ቁልፎች ጋር ተጫን፣ ወዲያው ሁለቱንም የማውስ በተኖች ይዘህ ቆይ። በሚመጣው ሜኑ ያለ ስታርታፕ ሲኩዌንስ የሚያስነሳውን ምረጥ፣ ሼል ይከፈትልሃልና ኮፒውን ትመልሳለህ። በዚህ መንገድ ገብተህ ኢዲን ልትጠቀም ከሆነ ግን አስቀድመህ ራም ውስጥ «ቲ» የሚባል ፎልደር ፍጠርና በአሳይን «ቲ» ብለህ ሰይመው። ኢዲ ሴቭ ሲያደርግ አሮጌውን ቅጂ የሚያኖረው እዚያ ስለሆነ፣ ካላገኘው ቲን አስገባ እያለ እንደገና ይጠይቅሃል።