ባንግላዴሽና ሾሾኒ፦ ጋሽ ታዬን ጠይቁ

ባለፈው ሳምንት አንዱ “አሜሪካ ያሉት ሾሾኒዎች ኑሯቸው ከባንግላዴሽ ይብሳል” ብሎ ክርክር አስነስቶ ነበር። ሾሾኒዎች ከአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች አንዱ ናቸው። ጋሽ ታዬ ለዓመታት በባንግላዴሽ ዋና ከተማ ዳካ ውስጥ በእርዳታ ሥራ ኖረዋል። አሁን ቤታቸው አይዳሆ፣ ፖካቴሎ ነው፤ ከሾሾኒዎቹ ፎርት ሆል ሪዘርቬሽን (ለቀደምት ሕዝቦች የተከለለ መሬት) አጠገብ። ዛሬ ማታ ጥያቄ እንዲቀበሉ ለምነናቸው እሺ ብለዋል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጋሽ ታዬ፦ እንደምን አመሻችሁ። ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። ባንግላዴሽ ወደ 170 ሚሊዮን ሕዝብ ያላት ሀገር ናት። ሾሾኒዎች ሁሉም ቢደመሩ የዳካን አንድ ሰፈር አይሞሉም። ደግሞ አንድ ቦታ የሰፈሩ አይደሉም። ፎርት ሆል ከባኖኮች ጋር፣ ዋዮሚንግ ዊንድ ሪቨር ላይ ከአራፓሆዎች ጋር፣ ዳክ ቫሊ ከፓዩቶች ጋር ይኖራሉ፣ እነዚህም እንደነሱ ቀደምት ሕዝቦች ናቸው፤ ኔቫዳና ዩታም ሌሎች አሉ። ስለዚህ “ሾሾኒ እንዴት ነው” ብላችሁ ከመጣችሁ “የቱ ሾሾኒ?” ብዬ ነው የምመልሰው።

ናቲ፦ ጋሼ፣ ባጭሩ ማነው የሚብሰው ድሃ?

ጋሽ ታዬ፦ የቱ ሾሾኒ? ይኸው ገና ከመጀመራችን። በገንዘብ ከሆነ መልሱ ቀላል ነው፣ ባንግላዴሽ። እዚያ የነፍስ ወከፍ ገቢ በዓመት ወደ 2,500 ዶላር ነው። አሜሪካ ደግሞ ብቻውን የሚኖር ሰው ድሃ የሚባለው በዓመት 15,000 ዶላር አካባቢ ከሆነው መስመር በታች ሲሆን ነው። ግን ያ ሰው ዶላሩን የሚያወጣው አይዳሆ ውስጥ ነው። መኪና ከሌለው ሥራም ሐኪም ቤትም አይደርስም። ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን አድርገህ “በለጠ፣ አነሰ” ማለት የትም አያደርስህም።

ሜሮን ከዴንቨር፦ ታዲያ “ይብሳል” የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ዝም ብሎ የተፈጠረ ነው?

ጋሽ ታዬ፦ አይደለም። ጥሩ ጠየቅሽ። የዚህ ዓይነት ንጽጽር የታወቀው በ1990 ነው። ሁለት ሐኪሞች የኒውዮርክን ሃርለም አጥንተው፣ እዚያ የሚኖር ጥቁር ወንድ 65 ዓመት የመድረስ ዕድሉ ከባንግላዴሽ ወንድ ያነሰ ነው ብለው ጻፉ። ሀገር ጉድ አለ። ከዚያ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የተጎዳ ማኅበረሰብ በተነሳ ቁጥር ባንግላዴሽ ትጠራለች።

ስለ አሜሪካ ቀደምት ሕዝቦችም ቁጥሩ ያስደነግጣል። በ2021 አማካይ የዕድሜ ጣሪያቸው 65.2 ዓመት ነበር። የባንግላዴሽ በዚያው ዓመት ከ70 በላይ ነው። አደራ ግን፣ ይሄ ቁጥር የሁሉም ቀደምት አሜሪካውያን እንጂ የሾሾኒ ብቻ አይደለም። ደግሞ የኮሮና ዘመን ነው፤ በ2022 ወደ 67.9 ተመልሷል። 65ቱን ብቻ መዝዛችሁ አትለጥፉ።

የልዩነቱ ምክንያት ነው የሚገርመኝ። ባንግላዴሽ ሕፃናቷን ማዳን ቻለች። በ1990 ከ1,000 ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ከ140 በላይ ነበሩ፤ አሁን ወደ 30 ወርደዋል። ተአምር የለበትም። ከ1980 ጀምሮ ብራክ የሚባለው የሀገሪቱ እርዳታ ድርጅት ሴቶች ቤት ለቤት እየዞሩ እናቶችን ለተቅማጥ ጨውና ያልተጣራ ስኳር በውሃ መበጥበጥ አስተማሩ፤ ክትባቱም ተከተለ። ርካሽ ነገር፣ ግን ለሁሉም ቤት የደረሰ። ሪዘርቬሽን ላይ የሚሞተው ብዙውን ጊዜ ሕፃን አይደለም፤ ገና ያልሸመገለ ሰው ነው። የስኳር በሽታ፣ የጉበት በሽታ፣ የመኪና አደጋ። ይሄን በጨውና ስኳር አትፈቺውም። የፌዴራል መንግሥት ሊያሳክማቸው የገባው ግዴታ አለበት፤ ምክር ቤቱ በየዓመቱ የሚመድበው ገንዘብ ግን አይበቃም።

አቤል፦ የግራሚን ባንክ መሥራች ዩኑስ ባንግላዴሽን በአነስተኛ ብድር ለወጣት። ለምን ሾሾኒዎች ጋ አይሞከርም?

ጋሽ ታዬ፦ ብድር መሬት አይሆንም። ቀጥል።

አቤል፦ ጋሼ ይሄ መልስ ነው? ሰውየው እኮ ኖቤል ተሸልሟል።

ፍሬ፦ አቤል፣ በአንድ ብድር ሌላ ብድር እየከፈሉ የከሰሩትንም ቁጠራቸው እንጂ።

አቤል፦ አንቺ ደግሞ ሁሌ መቃወም። ለሴቶቹ ማን አበደራቸው ከሱ በፊት?

ፍሬ፦ አራጣ አበዳሪው ነዋ። እሱንም ጨምሮ ነው የምልህ።

ጋሽ ታዬ፦ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ልክ ናችሁ። ዩኑስ ሙከራውን በ1976 ቺታጎንግ አጠገብ ጆብራ በምትባል መንደር ጀመረ። ግራሚን ባንክ በ1983 ባንክ ሆነ፣ ኖቤሉ በ2006 መጣ። ሴቶቹ እጅ ላይ ገንዘብ ገብቷል፣ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ሀገሪቱን ግን የለወጣት እሱ ብቻ አይደለም። ሩዝ አለ፣ ልብስ ስፌት አለ፣ ከባሕረ ሰላጤው የሚላክ ገንዘብ አለ። አሁን ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ሀዊ ከሐዋሳ፦ ስፌቱን ካነሱት አይቀር፣ የባንግላዴሽ ሠራተኞች ከኛ ይሻላሉ ወይ? እኔ ፓርኩ ውስጥ ሠርቻለሁ።

ጋሽ ታዬ፦ ስፌት የኔ ዘርፍ አይደለም፣ ባጭሩ ልንገርሽ። ወደ 4 ሚሊዮን ሠራተኛ አላቸው፣ አብዛኛው ሴት። ከሀገሪቱ የውጭ ንግድ ከ80 በመቶ በላይ ልብስ ነው። በ2023 መጨረሻ ዝቅተኛው ደመወዝ በወር 12,500 ታካ ሆነ፤ በዚያን ጊዜ ምንዛሬ ከ110 ዶላር ብዙ አይበልጥም። ዋጋውንም ታውቂዋለሽ። ሚያዝያ 2013 ዳካ አጠገብ ራና ፕላዛ ሲደረመስ ከ1,100 በላይ ሰው አለቀ። ግድግዳው መሰንጠቁ ከአንድ ቀን በፊት ታይቶ ነበር፤ ግቡና ሥሩ ተባሉ።

የቦሌው፦ የባንግላዴሽ ኩባንያ እኮ መቀሌ ድረስ መጥቶ ፋብሪካ ከፍቶ ነበር። ጦርነቱ ባይመጣ ኖሮ…

ሀዊ ከሐዋሳ፦ ጦርነቱ ብቻ አይደለም። አጎዋ በ2022 ሲቋረጥ ስንት ልጅ ከሥራ ወጣ።

የቦሌው፦ አጎዋ የተቋረጠው በምን ሆነና?

ጋሽ ታዬ፦ በቃ። እዚህ ውስጥ ከገባን ሌሊቱ ይነጋል። ስለ ሾሾኒ የሚጠይቅ አለ?

ዳኒ፦ እኔ አለሁ። ካዚኖ አላቸው አይደል? ታዲያ ሀብታም ናቸው ማለት ነው።

ጋሽ ታዬ፦ የቱ ሾሾኒ? ፎርት ሆል ካዚኖና ሆቴል አለ፣ አውራ ጎዳናው ዳር። ሥራ ይሰጣል። ግን ካዚኖ ሀብት የሚሆነው ከትልቅ ከተማ አጠገብ ሲሆን ነው፤ እዚህ ዙሪያው ድንች ነው። ዊንድ ሪቨር ደግሞ ነዳጅና ጋዝ አለ፣ ገቢውን ከአራፓሆዎቹ ጋር ይካፈላሉ። አራፓሆዎቹን በ1878 እዚያ ያመጣቸው መንግሥት ነው፣ ሾሾኒዎቹን ሳያስፈቅድ። ፍርድ ቤት ካሳ እንዲከፈላቸው የወሰነው በ1930ዎቹ ነው።

ሜሮን ከዴንቨር፦ ጋሼ፣ “ብድር መሬት አይሆንም” ያሉትን ያብራሩልን። መሬት አላቸው እኮ፣ ሪዘርቬሽን ማለት የነሱ መሬት አይደል?

ጋሽ ታዬ፦ ይሄን ነበር ስጠብቅ የነበረው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ፎርት ሆል በ1860ዎቹ ሲከለል 1.8 ሚሊዮን ኤከር ነበር (አንድ ኤከር ከግማሽ ሄክታር ያንሳል)። ውሉ፣ የፎርት ብሪጀር ውል፣ በ1868 ተፈረመ። ዛሬ የቀረው ወደ 544,000 ኤከር ነው። የት ሄደ? ባቡሩ ወሰደ፣ ከተማው ወሰደ። እኔ የምኖርበት ፖካቴሎ ራሱ ከነሱ ተቆርጦ የተመሠረተ ነው፤ በ1902 ለሰፋሪ ክፍት ሲደረግ ሰው በሩጫ ነው የተሻማው። ከዚያ በ1927 የአሜሪካን ፎልስ ግድብ አለቀና ከወንዙ ዳር ካለው ለም መሬታቸው ከፊሉን ውሃ ዋጠው።

የቀረውስ? በ1887 አንድ ሕግ ወጣ። የጋራ መሬታችሁን ለየቤተሰቡ እንቆራርሳለን አለ፤ ለቤተሰብ ኃላፊ 160 ኤከር፣ “ትርፉ” ለሰፋሪ። እስከ 1934 ድረስ በመላ አሜሪካ ወደ 90 ሚሊዮን ኤከር ከቀደምት ሕዝቦች እጅ ወጣ። ቁራሹን ያገኘው ሰው ደግሞ ሙሉ ባለቤት አልሆነም። መንግሥት “በአደራ” ያዘለት። ሲሞት ለልጆቹ፣ ልጆቹ ሲሞቱ ለልጅ ልጆች፣ መሬቱ ሳይከፈል ድርሻው ብቻ እየተከፈለ ይወርዳል። ዛሬ አንድ ማሳ ላይ መቶ፣ ሁለት መቶ ወራሽ ታገኛላችሁ። ማን አርሶ ማን ይስማማ? ማከራየት ይቀላል። ስለዚህ ፎርት ሆል ውስጥ በመስኖ ድንች የሚያመርተው ብዙው ገበሬ ተከራይ ነጭ ነው። ባለመሬቱ የኪራይ ድርሻውን ይጠብቃል፤ አንዳንዴ የምሳ ዋጋ አይሞላም። የአደራ ገንዘቡ አያያዝ ራሱ ጉድ ስለነበረ በ2009 መንግሥት በ3.4 ቢሊዮን ዶላር ክሱን ለመጨረስ ተስማማ፤ ከዚያ ውስጥ 1.9 ቢሊዮኑ እንዲህ የተበጣጠሰ ድርሻ ገዝቶ ለጎሳዎቹ ለመመለስ ነበር።

ያን መሬት ይዘህ ባንክ ብትሄድ “ማስያዣ አይሆንም” ትባላለህ። ቤት መሥሪያ ብድር ለማግኘት የስንት ቢሮ ፊርማ ነው። አቤል፣ አሁን ገባህ?

የቦሌው፦ ይሄማ የኛው ሀገር ነው። መሬት የመንግሥት፣ መሸጥ መለወጥ የለም።

ፍሬ፦ አይገናኝም። እኛ ጋ ባይከለከል ኖሮ ገበሬው በአንድ ድርቅ ሸጦ ከተማ ይገባ ነበር።

የቦሌው፦ አሁንስ አልገባም?

ጋሽ ታዬ፦ ከመሬት ላራሹ ጀምሮ ያልጨረስነውን ክርክር እዚህ አንጨርሰውም። አንድ ነገር ብቻ፦ እዚህ ውል ፈርሞ ውል ያፈረሰ ሌላ ሀገር አለ። እሱን አትርሱ።

ናቲ፦ ታዲያ ማነው የሚብሰው?

ጋሽ ታዬ፦ ናቲ፣ መልሻለሁ። ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

ትዕግስት ከሪያድ፦ እኔ የማውቃቸው የባንግላዴሽ ልጆች ለደላላ ተበድረው ነው የመጡት፣ ዕዳው ብቻ ሁለት ዓመት ይፈጃል። እንደኛው ናቸው። ስለሱ አይሉም?

ጋሽ ታዬ፦ እህቴ፣ ያንቺ እውቀት ከኔ ይበልጣል። ሌላ ቀን አንቺ መልሺ፣ እኛ እንጠይቅ።

ዶክተር አይደለሁም፦ ገንዘብ ሰጥቶ መገላገል አይቻልም? ካሳ ይከፈላቸውና ይለቅ።

ጋሽ ታዬ፦ ተሞክሯል። የኔቫዳዎቹ ምዕራባውያን ሾሾኒዎች በ1863 ሩቢ ቫሊ ላይ የሰላም ውል ፈረሙ፤ መንገደኛ እንዲያልፍ ፈቀዱ፣ መሬታችንን ሸጥን አላሉም። በኋላ አንድ የመንግሥት ኮሚሽን መሬቱ “ቀስ በቀስ ተወስዷል” ብሎ በ1977 ወደ 26 ሚሊዮን ዶላር ፈረደላቸው። አንወስድም አሉ። መንግሥት ገንዘቡን በስማቸው ሒሳብ ውስጥ አስቀመጠ፤ በ1985 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይሄ እንደ ክፍያ ይቆጠራል አለ። ሜሪና ኬሪ ዳን የሚባሉ ከብት አርቢ እህትማማቾች ናቸው እዚያ ድረስ የተከራከሩት። በ2004 ይከፋፈል የሚል ሕግ ሲወጣ ወለዱ ተጨምሮ ከ140 ሚሊዮን አልፎ ነበር። በዚያው መሬት ላይ ደግሞ ከ1951 እስከ 1992 ድረስ 928 የኑክሌር ሙከራ ተደርጓል። “ይከፈላቸውና ይለቅ” ያልከው ይሄ ነው።

ሜሮን ከዴንቨር፦ እሺ ንጽጽሩ ስህተት ከሆነ፣ ከባንግላዴሽ ማን ነው ከሾሾኒ ጋር የሚወዳደረው?

ጋሽ ታዬ፦ ከመጀመሪያው እንዲህ ብትጠይቁኝ ኖሮ! የቺታጎንግ ተራሮች ሕዝቦች ናቸው፤ ቻክማ፣ ማርማ፣ ሌሎችም። ቤንጋሊ አይደሉም፣ አብዛኞቹ ሙስሊምም አይደሉም። በ1962፣ ያኔ ሀገሩ ምሥራቅ ፓኪስታን ነበር፣ የካፕታይ ግድብ ሲሞላ ወደ 100,000 ሰው ተፈናቀለ፤ ከሚታረሰው መሬታቸው 40 በመቶው ውሃ ውስጥ ገባ። በአሥር ሺዎች ወደ ሕንድ ተሰደዱ። ከዚያ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መንግሥት ከቆላው ሰፋሪ አምጥቶ አሰፈረባቸው። ተዋጉ። በታኅሣሥ 1997 የሰላም ስምምነት ተፈረመ፣ የመሬት ኮሚሽን ይቋቋም ተባለ፣ ኮሚሽኑም ተቋቋመ፣ መሬቱ ግን አልተመለሰም።

አሁን አሜሪካን ፎልስንና ካፕታይን ጎን ለጎን አስቀምጡ። እኔ ዳካ ሳለሁ ተራሮቹን የሚያነሳልኝ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ስለ ሀገሪቱ እድገት ነው የሚያወራው፣ እድገቱም ውሸት አይደለም። ግን የአንድ ሀገር አማካይ ቁጥር ሲያምር ተራራ ላይ ያለው ሰው ከቁጥሩ ውስጥ ይጠፋል። ሾሾኒውም አሜሪካ አማካይ ውስጥ እንዲሁ ነው የሚጠፋው። ቻክማን ከሾሾኒ አወዳድሩ፣ ያኔ ቁጭ ብለን እናወራለን።

ዳኒ፦ ለምን ግን ከሪዘርቬሽን ወጥተው ከተማ አይሠሩም?

ጋሽ ታዬ፦ የወጡ ብዙ ናቸው። የቀሩት አገራቸው ስለሆነ ነው። ሌላ ጥያቄ።

ፍሬ፦ ተስፋ የሚሰጥ ነገር የለም? ሁሉም ተወሰደ ተወሰደ ሆነ።

ጋሽ ታዬ፦ አለ እንጂ። ጥር 29 ቀን 1863 ቤር ሪቨር ላይ የአሜሪካ ጦር በመቶዎች የሚቆጠሩ ሾሾኒዎችን፣ ሴትና ሕፃን ጨምሮ፣ ፈጀ። በ2018 የሰሜን ምዕራብ ሾሾኒዎች ያን ቦታ በገንዘባቸው መልሰው ገዙት። አሁን የቀድሞ ዛፎቹን እየተከሉበት ነው። የገዛ መሬትን መግዛት ያናድዳል፣ ግን ወረቀቱ በነሱ ስም ነው።

ናቲ፦ ጋሼ እሺ ገባኝ። ፎርት ሆልን መጎብኘት ይቻላል?

ጋሽ ታዬ፦ በመጨረሻ የሚረባ ጥያቄ አመጣህ። ነሐሴ ላይ ትልቅ በዓል አላቸው፣ እንግዳ ይቀበላሉ። ጭፈራውን ስታይ ካሜራ ከማውጣትህ በፊት አስፈቅድ። ከአውራ ጎዳናው ወጥተህ በየማሳው አትዙር፣ የግለሰብ መሬት ነው። ደግሞ “እናንተ ከባንግላዴሽ ትብሳላችሁ ይባላል” እንዳትላቸው።

አቤል፦ ጋሼ፣ የባንግላዴሽ ቪዛስ ስንት ነው?

ጋሽ ታዬ፦ ኤምባሲውን ጠይቅ። ደህና እደሩ።