ላ መርሴድ ገበያ ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ ላልሽው እህት

እህቴ ጥያቄሽን ዛሬ ነው ያየሁት፣ ሜክሲኮ ሲቲ 5 ቀን እቆያለሁ፣ ላ መርሴድ ገበያ አስፈሪ ነው እያሉኝ ነው፣ ልሂድ ወይስ ልተወው ነው ያልሽው አይደል። እኔ እዛ ከተማ ሁለት አመት ከመንፈቅ ኖሬ ቅዳሜ ቅዳሜ አስቤዛዬን የምገዛው ከዛው ነበር፣ ስለዚህ ሂጂ ነው የምልሽ። ግን ካሜራ አንጠልጥለሽ ሳይሆን ዘንቢል ይዘሽ ሂጂ፣ ዝም ብሎ ለሚያይ ሰው እዛ ማንም ፊት አይሰጠውም።

አካሄዱ ቀላል ነው፣ ሜትሮው ላይ ኢትዮጵያ የሚባል ጣቢያ አለ (አዎ የኛው ስም ነው፣ እኛም ሜክሲኮ አደባባይ አለን አይደል)፣ ከዛ በመስመር 3 ባልዴራስ ድረስ ሄደሽ መስመር 1 ትቀይሪና መርሴድ ትወርጃለሽ። በአንደኛው መውጫ ደረጃውን ስትጨርሺ ገበያው ውስጥ ነሽ፣ መንገድ መሻገር እንኳን የለም።

ስሙ የገዳም ስም ነው። ድሮ ከተማዋ ሀይቅ ላይ ስለነበረች ከሶቺሚልኮና ከቻልኮ አትክልቱ በቦይ በታንኳ እየመጣ እዛ ሰፈር ነበር የሚራገፈው፣ በ1860ዎቹ (አመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምነግርሽ) መንግስት የቤተክርስቲያን ንብረት ሲወርስ የገዳሙ ቤተክርስቲያን ፈረሰና የውስጥ ግቢው ብቻ ከነቅስቶቹ ተረፈ፣ ቦታው ገበያ ሆነ። አሁን ያለው ትልቁ አዳራሽ ግን በ1957 የተከፈተ ነው፣ ኤንሪኬ ዴል ሞራል የሚባል አርክቴክት ነው የነደፈው፣ ከ3 ሺህ በላይ መሸጫ አለው። የከተማው ጅምላ ሁሉ እዛ ነበር፣ በ1982 ኢስታፓላፓ የሚባለው የከተማው ክፍል ላይ ሴንትራል ዴ አባስቶ የሚባል የጅምላ ገበያ ሲከፈት ጅምላው ነቅሎ ሄደ። ከዛ ደግሞ እሳቱ፣ በ2013 የተነሳው ብቻ የአዳራሹን ትልቅ ክፍል ነው የበላው። ይሄን ሳስብ አንጀቴ ነው የሚቃጠለው፣ ምክንያቱም ያንን ሁሉ ችለው የቀሩት ቸርቻሪዎቹ ናቸው።

በርበሬ ተራውን እንዳታልፊው። አንቾ፣ ፓሲያ፣ ጉዋሂዮ፣ ሙላቶ፣ ሁሉም ዛላው ሳይሰበር በጆንያ በጆንያ ተደርድሮ ታገኚዋለሽ፣ ሽታው ልክ ቤት ውስጥ በርበሬ ሲቀነጠስ እንደሚያስነጥሰን ነው፣ ደግሞ የኛም በርበሬ ዘሩ ከዛ ምድር ነው የመጣው። አጠገቡ ሞሌ አለ፣ እንደ ድልህ ያለ ነገር ነው ግን ለውዝና ቅመም ገብቶበት፣ እንደ ኮረብታ ተከምሮ ያብረቀርቃል፣ ከመግዛትሽ በፊት ያቀምሱሻል።

የኔ ቦታ ግን ኖፓል የሚያጸዱት ሴቶች ጋ ነበር። ኖፓል ማለት በለስ የሚያፈራው ቁልቋል ቅጠሉ ነው፣ እንደ አትክልት ይበላል። በግራ እጃቸው ከስሩ ይይዙትና በሰፊ ቢላ መጀመሪያ ዙሪያውን ጠርዙን ይቆርጡታል፣ ከዛ እሾሁን ጠፍጠፍ አርገው ይልጡታል፣ ይሄን ሁሉ ሲያደርጉ አይናቸው ቢላው ላይ አይደለም፣ ካንቺ ጋ ያወራሉ። አንዷ ጋ በሶስተኛው ሳምንቴ 10 ገዝቼ ቤት ስቆጥር 12 ሆነ፣ ተሳስታ ነው ብዬ በነጋታው መለስኩላት። አልቀበልም አለች፣ ፒሎን ነው አለችኝ፣ ምርቃት ማለት ነው! ከዛን ቀን ጀምሮ ማርቻንታ ነው የምትለኝ፣ እኔም እሷን እንደዛው፣ ገዢም ሻጭም የሚጠራሩበት ነው፣ እኛ ደንበኛ እንደምንለው። አንዴ ታምሜ ሶስት ሳምንት ጠፍቼ ስመለስ ገና ከሩቅ ስታየኝ ቢላዋን አስቀምጣ ተነሳች።

ስለ ፍርሃቱ፣ ውስጡ ሰላም ነው፣ እኔ ቦርሳዬን የተሰረቅኩት ውጪ ግፊያ ያለበት መንገድ ላይ ነው። ጠዋት ሂጂ፣ ስልክሽን ውስጥ ኪስሽ ክተቺ፣ በመጣሽበት በሜትሮው ተመለሺ። ጎልፔ! ጎልፔ! የሚል ድምጽ ከኋላሽ ከሰማሽ ዞረሽ አትዪ፣ ዝም ብለሽ ወደ ጥግ ግቢ፣ በእጅ ጋሪ ጭነት የሚገፉት ሰዎች ናቸው፣ ካጠራቀሙት ካርቶን በላይ አያዩሽም። ፎቶ ካማረሽ መጀመሪያ ግዢ፣ ከዛ ጠይቂ።

ፓሲያ ካገኘሽ ግን ለኔም ግማሽ ኪሎ ያዢልኝ፣ ሂሳቡን እልክልሻለሁ፣ እኔ ያለሁበት ከተማ የሚሸጡት ደርቆ የሚሰባበር ነው።