የውጪ ሰርግ ፎቶ የሚሠራው ከሰርጉ ቀን በፊት ነው

ጥያቄ፦ «የምኖረው ድሬዳዋ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ ሥራ ስላላገኘሁ ፎቶ ቤት በረዳትነት እሠራለሁ። ከፋሲካ በኋላ የጎረቤታችን ልጅ ልታገባ ነው። ሰርጉ በአንድ ሆቴል ግቢ፣ ከቤት ውጪ ነው። የቀለበቱ ሥነ ሥርዓት 8 ሰዓት ላይ ይጀመራል። ፎቶውን አንቺ አንሺልን፣ እንከፍልሻለን አሉኝ። ያለኝ አንድ ካሜራና አንድ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው። ቤተሰቦቼ ተበድረሽ ጥሩ ካሜራ ግዢ ይሉኛል። ልቀበል? ሙያዬስ ላድርገው?»

እህቴ፣ ሥራውን ተቀበዪ። ካሜራ ለመግዛት ግን አትበደሪ።

ድሬ ላይ የውጪ ሰርግ ፎቶን ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው የካሜራ ማነስ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ በሚያዝያ መጀመሪያ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች። ከፋሲካ በኋላም ከዚያ ብዙ አትርቅም። 8 ሰዓት ላይ ትንሽ ዘንበል ብትልም ገና ከፍታ ላይ ነች። ያን ጊዜ ግንባር ያብረቀርቃል፣ የዓይን ሥር ይጠቁራል፣ የአፍንጫ ጥላ ከንፈር ላይ ይወድቃል። በዚያ ላይ ሰው ሁሉ ፊቱን ያጨማድዳል። ይህን ውድ ካሜራም አያድነውም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራሽ ከቤተሰቡ ጋር መነጋገር ነው። ሥርዓቱ ወደ 10 ሰዓት ይገፋ ዘንድ ጠይቂ። ስትጠይቂ ግን ለፎቶ ብለሽ አትጀምሪ፤ በሰርግ ጭንቀት ውስጥ ላለች እናት ፎቶ የመጨረሻው ሐሳብ ነው። «እትዬ፣ 10 ሰዓት ቢሆን እኮ እንግዳውን ፀሐይ አይመታውም፣ ሽማግሌዎቹም አይጎዱም፣ የሙሽሪትም ሜካፕ አይቀልጥም» በያቸው። እውነትም ነው፣ ይሰሙሻል። ለሙሽሮቹ ብቻ ደግሞ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ያለውን ጊዜ አስከብሪ። እኛ ጋ ፀሐይ ቁልቁል ስለምትወርድ ያ ለስላሳ የማምሻ ብርሃን ቶሎ ያልቃል። ኬክ ቆረሳው በዚያ ሰዓት ከገባ አለቀ። ይህን ሁሉ ከሚዜዎቹና ፕሮግራሙን ከሚመራው ሰው ጋር አስቀድመሽ ተስማሚ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ሰዓቱ አይቀየርም ቢሉሽስ? ከሰርጉ ጥቂት ቀን ቀደም ብለሽ ልክ 8 ሰዓት ላይ ግቢው ድረስ ሂጂ። ጠዋት ሄዶ ማየት አይጠቅምም፣ ጥላው ሌላ ቦታ ነው። ሙሽሮቹ የሚቆሙበት ቦታ ሙሉ በሙሉ ጥላ ውስጥ ይሁን፣ ወይም ሙሉ በሙሉ ፀሐይ ላይ። ግማሽ ግማሽ ከሆነ ሙሽራው ይነጣል፣ ሙሽሪት ትጨልማለች። ከሁሉ የሚከፋው በቅጠል መሃል እየሾለከ ፊት ላይ ነጠብጣብ የሚጥለው ብርሃን ነው። ዛፍ ሥር ካደረጋችሁት ጥላው ጥቅጥቅ ያለበትን ምረጪ፤ ፊታቸውም ከጥላው ጠርዝ ወደ ክፍቱ ሰማይ ይዙር።

ስለ ዳሱ፣ ዲኮር የሚሠራውን ሰው አሁኑኑ አነጋግሪ። ከላይ የሚወጠረው ጨርቅ ነጭ ይሁን። ቀይ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ቀለሙ ሰው ፊት ላይ ያርፋል፤ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ማስተካከል ራስ ምታት ነው። ነጭ ጨርቅ ግን ፀሐይዋን ያለሰልስልሻል። በነፃ ያገኘሽው የስቱዲዮ መብራት ነው።

ካሜራሽን በሮው (RAW)፣ ማለትም ካሜራው ያየውን ብርሃን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጥበት ፋይል አስነሺው። ቬሎውም ሆነ የሀበሻ ቀሚሱ ነጭ ስለሆነ ፀሐይ ላይ ሲነሳ ፎቶው ላይ በቀላሉ ይቃጠላል፣ ማለትም ከልክ በላይ ይነጣል፤ የተቃጠለ ነጭ ደግሞ አይመለስም፣ ጥልፉ ይጠፋል። ብዙ ካሜራዎች የተቃጠለውን ቦታ ብልጭ ድርግም እያደረጉ ያሳያሉ። ያንን አብሪው፣ ቀሚሱ ላይ ካየሽ ብርሃኑን ቀንሺ። ፊት ከጨለመብሽ በትንሽ ፍላሽ ሙይው። ብዙ ካሜራዎች ላይ ተራ ፍላሽ የሚሠራው እስከ 1/200 ወይም 1/250 ሰከንድ ባለው የሹተር (የካሜራው መዝጊያ) ፍጥነት ነው፤ ከዚያ ካለፈ የፎቶው አንድ ጎን ጥቁር ይሆናል። ይህን ቤት ውስጥ ሳይሆን ደጅ ላይ፣ በቀትር፣ ታናሽ እህትሽን አቁመሽ ተለማመጂ።

50 ሚሊ ሜትሩ በቂ ነው። ለቀለበቱ ቅጽበት ግን ከሩቅ የሚያነሳ ሌንስ ያስፈልግሻል፤ ካህኑና ሽማግሌዎቹ ፊት መጋረጥ ነውር ነው። ለአንድ ቀን ተከራዪ፣ ወይም ከምትሠሪበት ፎቶ ቤት ለምኚ። ሁለተኛ ካሜራም አብረሽ ያዢ። ካሜራ በሙቀት ወይም በአቧራ ቀጥ ሊል ይችላል፣ ቀለበት ደግሞ ሁለቴ አይደረግም። እቃሽን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዪ። ማታ እቤት እንደገባሽ ፎቶዎቹን ሁለት ቦታ ገልብጪ።

ሙሽሮቹን ለብቻ ለማንሳት እዚሁ ከተማችን ያለው የከዚራ ሰፈር ይበቃሻል። ጥላ ያለው መንገድ አለ፣ ከተማችንን የወለዳት ባቡር በ1895 ዓ.ም. የደረሰበት ሰፈርም ቅርብ ነው። ጣቢያው ግቢ ውስጥ ማንሳት ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። «ሐረር ጀጎል እንሂድ» ካሉ ግን በሌላ ቀን ይሁን። መንገዱ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ዳገትና ጠመዝማዛ አለው፤ ደርሶ መልሱ ማምሻውን ይበላዋል።

ወደ ሙያው ጥያቄሽ ልምጣ። እኔ ጥሩ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ለአንቺ ደግሞ በተለይ። ድሬና ሐረር ውስጥ ብዙ ሰርጎች ላይ ሴቶች ለብቻቸው የሚሰበሰቡበት ሥርዓት አለ፤ እዚያ ወንድ ፎቶ አንሺ አይገባም። ሥራውን የምታውቅና የምትታመን ሴት ስትገኝ ስሟ ከእናት ወደ እናት ይሄዳል። ይህ እምነት ግን አንዴ ከጠፋ አይመለስም። የማንንም ፎቶ፣ የሙሽሪትንም ቢሆን፣ ሳትፈቅድልሽ ቲክቶክም ቴሌግራምም ላይ አትልቀቂ። የሴቶቹን ደግሞ ለረዳት እንኳ አታሳዪ።

ከጎረቤት ጋር ስለ ገንዘብ መነጋገር እንደሚከብድ አውቃለሁ። ቢሆንም ቀብድ ተቀበዪ፣ ስንት ፎቶ፣ አልበም አለው የለውም፣ መቼ ትሰጫለሽ የሚለውን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ፈርሙ። ያልተጻፈ ነገር ነው በኋላ ጎረቤት የሚያኳርፈው። የተማርሽው አካውንቲንግ እዚህ ይጠቅምሻል፤ የኪራይ፣ የትራንስፖርትና የኤዲቲንግ ጊዜሽን አስልተሽ ዋጋ አውጪ። ከዚህ ሰርግ የሚተርፍሽን ለብቻ አስቀምጪ፣ ከሚቀጥሉትም እንዲሁ። ካሜራውን የምትገዢው ከዚያ ላይ ነው። ሥራው ሲደጋገም ንግድ ፈቃድ አውጪ፤ መሥሪያ ቤቶችና ትልልቅ ሆቴሎች ያለ ደረሰኝ ሥራ አይሰጡም።