ጭራው ለሚወጣ ዲኤክስ፦ ከጎማው በፊት መተንፈሻውን እይ

«ጋሼ» ብሎ የጻፈልኝ ወጣት የሩዝ ነጋዴ ነው። ከባሕር ዳር በሐሙሲት አድርጎ ወደ ወረታ በአሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ይመላለሳል። የእሽቅድምድም መኪና መልክ እንዲኖረው ሞላውን አስቆርጦ ዝቅ አድርጎታል፤ ሰፋፊ ቸርኬና ጎማም አስገብቶለታል። ክረምቱ ከገባ ወዲህ አስፋልቱ ሲረጥብ ፍሬን በያዘ ቁጥር የመኪናው ጭራ ወደ ግራ ይወጣበታል። በግራው የኋላ ጎማ የውስጥ ገጽ ላይ ዘይት አይቷል። ፓራሊዮው (በአክስሉ ጫፍ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው የላስቲክ ቀለበት) በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቀይሮለት አሁንም ያፈሳል። ካናዳ የሚኖር ዘመዱ በበረዶ ጊዜ እነሱ አሸዋ እንደሚጭኑ ስለነገረው ሁለት ከረጢት አሸዋ ከኋላ ቢጭን ጭራሽ ባሰበት። «ጎማ ልቀይር ወይስ መኪናውን ልሽጠው?» ይላል።

አትሽጠው ወንድሜ። ጎማውን መቀየርህ አይቀርም፤ የችግሩ ሥር ግን እሱ አይደለም። ከጻፍከው ሁሉ ያስቆመኝ ፓራሊዮው እየተቀየረ ማፍሰሱ ነው። አዲስ ፓራሊዮ በጥቂት ወራት ውስጥ ደግሞ ደጋግሞ ካፈሰሰ ከውስጥ የሚገፋው ነገር አለ ማለት ነው። የእኔ ግምት የዲፈረንሻልህ (የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው የጥርስ ቤት) መተንፈሻ በጭቃ ተደፍኗል የሚል ነው።

መተንፈሻዋ በኋላው አክስል አናት ላይ የተተከለች፣ ቆብ ያላት ትንሽ ብረት ናት። ዲፈረንሻሉ ሲሠራ ይሞቃል፤ በውስጡ ያለው አየርም ይሰፋና በእሷ በኩል ይወጣል። ስትደፈን ግን አክስሉ ክዳኑ ግጥም ተደርጎ እንደተጣደ ድስት ይሆናል። መውጫ ያጣው አየር ዘይቱን ወደ ደካማው ቦታ፣ ወደ ፓራሊዮው ከንፈር ይገፋዋል። ከዚያ ያለፈው ዘይት ማረፊያው ከጎማው ጋር በሚዞረው ክብ ብረት፣ በፍሬን ታምቡር ውስጥ ነው። አንተ ደግሞ ሩዝ ለመጫን ከአስፋልቱ ወጥተህ የምትገባበት የፎገራ ዋልካ መተንፈሻ ለመድፈን የሚያህለው የለም፤ አንዴ ከደረቀ በካቻቪቴ ካልተፋቀ አይለቅም።

የጭራው አቅጣጫም ከዚሁ ጋር ይገጥማል። ጭራው ወደ ግራ ሲወጣ አፍንጫው ወደ ቀኝ ዞሯል። ስለዚህ ከኋላ የቀኙ ፍሬን ይይዛል፣ የግራው ይሰንፋል። ዘይቱ ያለውም በግራ ነው።

ከሥሩ ከመግባትህ በፊት ግን አንድ ነገር ስማኝ። የዲኤክስ የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎቹን ብቻ ነው። የኋላውን በክሪክ ባነሳህ ቅጽበት መኪናው ምንም ፍሬን የለውም፤ የፊት ጎማዎቹ እንደልባቸው ይንከባለላሉ። ማርሽ ውስጥ መተውም አያድንህም፤ ማርሹም የሚይዘው እነዚያኑ ወደ ላይ ያነሳሃቸውን ጎማዎች ነው። ሁለቱንም የፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርግባቸው። ክሪኩ ማንሻ እንጂ መቆሚያ አይደለም፤ ካነሳህ በኋላ በአክስሉ ግራና ቀኝ የብረት መቆሚያ ወይም ወፍራም የግንድ ቁራጭ አስገባ። በክረምት ደግሞ ለስላሳ አፈር ላይ አትሥራ፤ ክሪክ ከሥሩ ሳንቃ ቢደረግለትም በእርጥብ መሬት ላይ ይሰምጣል።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ መተንፈሻዋን አግኝ፣ ዙሪያዋን በብሩሽ አጽዳና ፍታት። ቆቧ በጣት ስትነካ መዞርና ከፍ ዝቅ ማለት አለባት። ካልተንቀሳቀሰች ግምቴ ልክ ነው። ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፈህ በአየር ንፋት። ፎገራን ስለማትተው ግን አንድ ምክር ልጨምርልህ፦ በቆቧ ቦታ የቱቦ መጋጠሚያ አስገብተህ ዘይት በሚችል ቱቦ መተንፈሻውን ወደ ላይ፣ ከወለሉ በላይ አውጣው። ቱቦው አክስሉ ከፍ ዝቅ ሲል እንዳይወጠር ትርፍ ርዝመት ተውለት። የሞቀ ዲፈረንሻል ድንገት ውሃ ውስጥ ሲገባ ቀዝቅዞ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ዘይትህ ወተት የመሰለ መልክ ካለው ውሃ ጠጥቷልና ቀይረው። ሲሞላ 90 ቁጥር የዲፈረንሻል ዘይት፣ ደረጃው ጂኤል 5 የሆነ፣ መኪናው በሜዳ ላይ እንደቆመ እስከ መሙያው ቀዳዳ የታች ከንፈር ድረስ ብቻ ይሁን። አትርፎ መሙላት በራሱ ያስፈስሳል።

ቀጥሎ የግራውን ታምቡር አውልቅ። እምቢ ካለ በመዶሻ አትደብድበው፤ ፊቱ ላይ ባሉት ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች 8 ቁጥር ቡሎን እያፈራረቅህ ብታስገባ ራሱ ተገፍቶ ይወጣል። ውስጥ ያገኘኸው እርጥበት ምን እንደሆነ ሳታውቅ ዕቃ አትግዛ። ጥቂት በጨርቅ ወስደህ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጨምቀው። የዲፈረንሻል ዘይት ከላይ ይንሳፈፋል፤ ሽታውም ድኝ ድኝ የሚል ነው፣ ካንዴ በላይ ማሽተት አያስፈልግም። የፍሬን ዘይት ከሆነ ግን ከውሃው ጋር ይቀላቀላል። ያን ጊዜ ጥፋቱ የፓራሊዮው ሳይሆን የፍሬን ሲሊንደሩ ነው።

ዘይት የጠጣ የፍሬን ሸራ፣ ታምቡሩን ከውስጥ ተጭኖ የሚያቆመው ገጽ፣ አይድንም። በቤንዚን አጥቦ፣ እሳት ለኩሶ ዘይቱን አቃጥሎ መልሶ የሚገጥም ሰው አለ፤ ይህን ሥራ ባየሁ ቁጥር ያናድደኛል። ሸራው ሲሞቅ ውስጥ የቀረው ዘይት ተመልሶ ይወጣል። በትንሹ የተነካ ሸራ ደግሞ አንዴ አፈፍ አድርጎ ይይዛል፣ አንዴ ይንሸራተታል። የግራና የቀኙን አንድ ላይ ቀይር፤ አንድ ወገን ብቻ መቀየር ያንኑ መዛባት መልሶ ማምጣት ነው።

ስለ ፓራሊዮው። በርካሽ የሚሸጠውን በጥፍርህ ጫን በለው፤ ከንፈሩ እንደ ላስቲክ ካልተመለሰ፣ ከጀርባው ያለው ቀጭን የሞላ ቀለበት ከላላ ወይም ከሌለ አትግዛው። በጥቂት ብር ልዩነት አክስል የሚያስወልቅ ሥራ መድገም ከንቱ ድካም ነው። ቀድሞ የገጠመልህ ሰው በመዶሻ ጠርዙን አጣሞት ወይም ዙሪያውን ሲሊኮን ቀብቶት ከሆነ ቦታውን ሙልጭ አድርገህ አጽዳ። አክስሉን ስታወጣ ከንፈሩ የሚያርፍበትን ቦታ በጥፍርህ ዳስስ። ጥፍርህ የሚያዝበት ቦይ ካለ አዲሱን ፓራሊዮ ከቀድሞው ቦታ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ፈቀቅ አድርገህ ምታው፤ ከንፈሩ ያልተበላ ብረት ያገኛል። አክስሉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ እሱም ይቀየር፤ ይህ ግን በፕሬስ የሚወጣ ስለሆነ ፕሬስ ወዳለው ጋራዥ ውሰደው።

አሁን ደግሞ ለምን ጭራው ብቻ እንደሚያስፈራ ልንገርህ፤ ይህን የገባው ሰው አነዳዱ ይለወጣል። እያንዳንዱ ጎማ አስፋልቱን የሚነካው በመዳፍ ስፋት በሚሆን ቦታ ነው። ያ ቦታ ያለው ጉልበት የተወሰነ ነው፤ በዚያው ጉልበት ይገፋል፣ ያቆማል፣ መኪናው ወደ ጎን እንዳይሄድም ይይዛል። ጉልበቱን ሁሉ ለማቆም ካዋለው ለጎን የሚተርፍ የለውም። የፊት ጎማ ተቆልፎ ቢንሸራተት መኪናው መሪ አልሰማ ብሎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ያስደነግጣል፤ ሆኖም አፍንጫው ከፊት እንደሆነ ይቆያል። የኋላው ሲቆለፍ ግን ጭራውን በጎን የሚይዘው ስለሌለ ከአፍንጫው ሊቀድም ይፈልጋል። ፋብሪካው ወደ ኋላ የሚሄደውን የፍሬን ግፊት የሚቀንስ ቫልቭ የሚያስገባው ለዚሁ ነው፤ «የኋላው ፍሬን ደከመ» ብሎ ያንን ቫልቭ የሚያወልቅ ሰው መኪናህን እንዳይነካ። በዲኤክስ ላይ ደግሞ ሌላ ሸክም አለ። የሚገፋው ጎማም ያው የኋላው ነው። በእርጥብ መንገድ በሁለተኛ ማርሽ ነዳጁን ድንገት ስትለቅ ሞተሩ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው፤ የእጅ ፍሬን የሳብክ ያህል ነው። «ፍሬን እንኳን አልነካሁም፣ መኪናው ዞረብኝ» የሚለው ሰው እውነቱን ነው። በቪትዝ የለመደ ሰው ይህን አያውቀውም፤ በቪትዝ የሞተሩ መያዝ በፊት ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ ጭራው ተከትሎ ይመጣል። ስለዚህ በዝናብ ማርሽ ስትቀንስ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ። ጭራው መውጣት ከጀመረ ፍሬኑን ተው፣ ፍሪሲዮን እርገጥ፣ ዓይንህን መሄድ በምትፈልግበት አቅጣጫ አድርገህ መሪውን ወደዚያው ያዝ።

ጎማህ ሰፊና ያረጀ ከሆነ ውሃውን መሰንጠቅ ትቶ በላዩ ይንሳፈፋል። ለዲኤክስ 155 ስፋት ያለው የ13 ቁጥር ጎማ ይበቃዋል፤ በጭቃም ከሰፊው ይሻላል። ጥርሱ ከሦስት ሚሊ ሜትር በታች ከወረደ ለክረምት አትመነው። ሁለት ብቻ የምትገዛ ከሆነ አዲሶቹ ከኋላ ይሁኑ። ጎሚስታው ከፊት ልግጠም ቢልህ እምቢ በለው። የተቆረጠውን ሞላም በሙሉው ተካው፤ መልኩ አይቆጭህ።

የዘመድህ ምክር በአገሩ ልክ ነው፤ የበረዶ መንገድ የሚይዙት ግን በዋናነት በበረዶ ወራት ጎማ ነው። ላስቲኩ ከ7 ዲግሪ በታችም ሳይደርቅ የሚቆይ ነው፤ በካናዳዋ ኩቤክ ግዛት በበረዶ ወራት ያለዚህ ጎማ መንዳት በሕግ የተከለከለው ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። እዚህ ያንን ጎማ ብታስገባ በባሕር ዳር ፀሐይ በከንቱ ይበላል። አሸዋውን ደግሞ ያስቀመጥከው ከአክስሉ ኋላ፣ ከመኪናው ጫፍ ላይ ነው። እዚያ ሲሆን የፊቱን ያቀላል፣ ጭራው ሲወዛወዝም ይገፋዋል። መጫን ካለብህ ሃምሳ ኪሎ ያህል በአክስሉ ትይዩ፣ በገመድ ታስሮ ይሁን። ፍሬኑ ሳይስተካከል ግን ምንም አትጫን።

ጭቃ ውስጥ ስትነሳ በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳትጫን። አንዱ ጎማ ለብቻው ከዞረ የእጅ ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጥርስ ሳብ፤ የሚዞረው ሲያዝ ጉልበቱ ወደ ሌላው ይሄዳል። ይህ የሚሠራው ሸራዎቹ ደረቅ ሲሆኑ ብቻ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ሰው በሌለበት ደረቅ ሜዳ ላይ በዝግታ እየነዳህ ፍሬን ሞክር፤ ጭራው ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ከሳምንት በኋላ የግራውን ታምቡር እንደገና አውልቀህ እይ። ደረቅ ከሆነ መንገድህን ቀጥል፤ እርጥብ ከሆነ የቱቦውን ጫፍ ንፋና አየር እንደሚያልፍ አረጋግጥ። ያን ቀንም የፊት ጎማዎቹ ላይ ታኮ፣ ከአክስሉ ሥር መቆሚያ ሳታደርግ ጎማ እንዳታወልቅ።